ጎባጣውን ማን ይመርጣል

ፀሐይ ላይ የዋለ ጄሪካን ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነገር አለው። ባለፈው ከባቱ ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቢጫ ጄሪካኗን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ ክዳኑን ስትፈታው ያ ሽታ መጣ። ልጇን ውሃ ልታጠጣ ነው። ሙቀቱ አይጣል፤ መስኮቱ አይከፈት፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አዳማ፣ ናስር ጌም ቤት በር ላይ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ጌም ቤቱ እኛው ግቢ ውስጥ ነበር። በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል እማዬ ለናስር አከራየችውና እሱ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ዲሽ አስገብቶ የሰፈሩን ወንድ ልጅ ሁሉ ሰበሰበባት። ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ናቸው። ያኔ ናስር ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ጌም ቤት አትገባም ይባላል። እኔ ደግሞ የባለቤቲቱ ልጅ ነኝ። ስለዚህ አልገባም፣ አልሄድምም፤ በሩ ላይ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አቤልና ጓደኛው ፉአድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ውስጥ ናቸው። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም። አባታችን ከባድ መኪና ይነዳ ስለነበር ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው።

የሚጫወቱት ድብድብ ነው። መጀመሪያ ተደባዳቢዎቹ ሁሉ በየሳጥናቸው ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱን መርጠህ ትገባለህ። እንግሊዝኛውን በደንብ የሚያነብ ስላልነበረ ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። ጡንቻው አለ። ብረት ፊት አለ። ፀጉሯን አስራ የምትራገጥ ባለጭራዋ አለች። ጥግ ላይ ደግሞ ጎባጣው አለ። እኒህ ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸው የተቆለመመ፣ ጺማቸው መሬት ሊነካ የደረሰ፣ መቀነታቸው ላይ ቅል ያንጠለጠሉ።

ክርክሩ አያልቅም ነበር።

"ጡንቻውን የሚችለው የለም፤ በቃ!" ይላል አቤል።

"ጡንቻው እኮ በሬ ነው። ባለጭራዋ በአንድ እግሯ ታስተኛዋለች።"

"አንተ ባለጭራዋን የምትመርጣት ስለምታምር ነው።"

"አንተ ደግሞ ሂድና በሬህን ጥመድ!"

ናስር ሳንቲሙን ኪሱ ውስጥ እያንቃጨለ ይስቅባቸዋል። "ሁለታችሁም ተጫዋች አይደላችሁም። ወላሂ፣ ጎባጣውን ይዞ ያሸነፈ፣ እሱ ነው ተጫዋች።"

"ጎባጣውን ማን ይመርጣል? እስኪራመድ ድረስ እንቅልፍ ይወስድሃል" ይላል አቤል።

እውነቱን ነው፤ ጎባጣው ዝግ ይላል። ግን ናስር የሚያውቃት አንዲት አጫወት አለች። ጣቱ ጆይስቲኩ ላይ እንደ ሸረሪት ሮጥ ሮጥ ይልና ሽማግሌው ቅሉን አንስቶ ይጠጣል። ይጠጣና ወገቡ ቀጥ ይላል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ከጡንቻው ይረዝማል! ከዚያ በኋላ ለባላጋራው እግዚአብሔር ይድረስለት። ያቺን ቅጽበት ለማየት ስል ምሳዬን ሁሉ ትቼ እቀመጥ ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ናስር ዲሹን በአረብኛ ጣቢያ ላይ ያደርገዋል። ዛሬ ልጆች አኒሜ የሚሉት፣ እኛ የጃፓን ካርቱን የምንለው ይመጣል፤ ጃፓኖቹ በአረብኛ ይናገራሉ፣ ናስር ቁርኣን ቤት በተማረው አረብኛ ግማሹን ይተረጉምልናል፣ ግማሹን ከልቡ ያወጣዋል። ማን ጠይቆት! ዓይናቸው ሰፊ፣ እንባቸው እንደ ቧንቧ፣ ሲስቁ አፋቸው ፊታቸውን ሁሉ የሚሞላ ሰዎች ናቸው። እማዬ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበርና እኔ እንደዚያ የሚስቅ ሰው ያየሁት ካርቱን ላይ ነው። የእማዬ ጥርስ ቡናማ ነበር። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ያደገ ሰው ጥርሱን ከፍቶ አገሩን ይናገራል።

ፉአድ ለካርቱኑ ይሞታል። አቤል ደግሞ "የልጅ ነው" እያለ አንዲት ክፍል አታመልጠውም።

"ምኑ ነው ደስ የሚልህ? አንድ ቡጢ ለመሰንዘር ሙሉ ቀን ያወራሉ" ይለዋል።

"የወደቀ ይነሳል፤ እሱ ነው ደስ የሚለኝ" አለው ፉአድ አንድ ቀን። "አይተሃል? ወድቆ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ አለቀለት ስትል ትዝታ ይመጣለታል። እናቱ፣ ልጅነቱ፣ አስተማሪው። ትዝታው ሲያልቅ ዓይኑን ይከፍትና ይነሳል። ትዝታ ያለው ሰው አይሸነፍም።"

"ጌሙ ላይ ግን የወደቀ ወደቀ" አለ አቤል። "እውነተኛው ጌሙ ነው።"

እኔ በሩ ላይ ሆኜ ለፉአድ ፈረድኩ። ያንን ነገር እንደ ጥቅስ በቃሌ ያዝኩት።

አያቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

የእማዬ አባት ነው፤ አባባ ቱፋ። ከመቂ ዝቅ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ አጎቶቼ ሚኒባስ ላይ ጭነው አመጡት፤ ሐኪም እንዲያየው። ከዚያ በፊት ያየሁት ሕፃን ሆኜ ነው። ከሚኒባሱ ሲያወርዱት ቆሜ ነበር። ወገቡ ተቆልምሟል። አንገቱ ወደ ፊት ተደፍቶ እዚያው ደርቋል፤ ወደ ጎን ለማየት መላ ሰውነቱን እንደ በር ያዞራል። በክር ያሰራት ቁልፍ አንገቱ ላይ አለች፤ ከመጎንበሱ የተነሳ ቁልፏ ደረቱን አትነካም፣ አየር ላይ ትወዛወዛለች። ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ" አለኝ፤ ነይ ልጄ ማለቱ ነው። ከእጁ ላይ አንዲት ቢጫ ጄሪካን ተቀበልኩት።

አልሳምኩትም፣ ይቅር ይበለኝ። ጄሪካኗን አስቀምጬ ወደ ጌም ቤት በረርኩ። "ጎባጣው እኛ ቤት መጣ!"

አባባ የከተማ ውሃ አይጠጣም ነበር። እማዬ የቧንቧውን ቀድታ ስትሰጠው ይቀምስና ብርጭቆውን ያስቀምጣል። "ይቺ የታጠበች ውሃ ናት" ይላል። እሱ የአገሩ ቦኖ ጠባቂ ነው፤ ያቺ አንገቱ ላይ ያለችው የቦኖው ቁልፍ ናት። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ጀምሮ ጠዋት የሚከፍት፣ ማታ የሚዘጋ እሱ ነው። ውሃዋ ከጥልቅ ስለምትመጣ ሞቃ ትወጣለች፣ ትጣፍጣለች። የሰው ጥርስ እንደምታበላሽ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን ለዚያ ነገር መልስ ነበረው። "ጥርስ ብትወስድ አጥንት ትሰጣለች" ይላል። ይቺን አባባል የፈጠራት ራሱ ነው፤ አገሩም ተቀብሏት ነበር።

ታዲያ እማዬ ምን ታድርግ? ልጅ አይደለች! አባቷ ታሞ ቤቷ መጥቶ ውሃ ይከልከል? በየሳምንቱ ከአገሩ ውሃ እንዲመጣለት አደረገች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና አቤል መናኸሪያ ሄደን ከሚኒባሱ ረዳት ላይ ጄሪካኗን እንቀበላለን፤ በእጀታዋ እንጨት አስገብተን፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ጭቃውን እየዘለልን እናመጣለን። ውሃው ውስጧ ቧ ቧ ይላል። እኔ ደስታዬ ልክ የለውም። አቤል ጡንቻውም አልመሰለኝም፣ እኔም ባለጭራዋን አልተመኘሁም፤ እኛ የጎባጣውን ቅል የምንሸከም ሰዎች ነን። ብርጭቆውን የምሞላለት እኔ ነኝ። ሲጠጣ ወገቡን አያለሁ።

"ምን ታያለሽ?" ይለኛል።

"ምንም፣ አባባ። ይጨርሱት።"

ሆስፒታል ወስደውት የመጡ ዕለት እማዬ ራጁን መስኮት ላይ ደግፋ ትመለከተው ነበር። እኔም ከሥሯ አየሁ። የአቤል እጅ ተሰብሮ የተነሳው ራጅ ነበረንና አውቃለሁ፤ የእሱ አጥንት አመድማ ነው። የአባባ ግን ነጭ ነው። የጀርባው አጥንት አንድ ላይ ተጋግሮ፣ እንደ ኒዮን መብራት፣ ጥቁሩ ውስጥ ቦግ ብሏል።

"ራጅ የሚያነሳው ልጅ 'አጥንታቸው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል' አለኝ" አለች እማዬ ለጎረቤታችን፤ ድምጿ ትንሽ ተስፋ ነበረበት። "ጠንካራ ከሆነ ክፉ አይደለም አይደል?"

እኔ የቀረውን አልሰማሁም። "የአባባ አጥንት ያበራል!" ብዬ ጌም ቤቱ በር ላይ ደረስኩ።

ፉአድ ጆይስቲኩን ወረወረው። "ወላሂ በይ!"

"በኢየሱስ ስም! ነጭ ነው፣ ቦግ ብሏል። እንደ ድንጋይም ሆኗል!"

"ያው ነው! ካርቱኑ ላይ ሊለወጡ ሲሉ አጥንታቸው አይደል ቀድሞ የሚያበራው!"

አቤል እንኳ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ በሩ መጣ። አያቱ እኮ ነው።

በበነጋው ናስር ራሱ መጥቶ አባባን ከነወንበሩ ብድግ አድርጎ ጌም ቤት አስገባው። "ና እስቲ ጓደኛዎን ያግኙ፣ አባባ" አለ፤ "ና"ና "ዎ" እየተምታታበት፤ ሁላችንም ሳቅን። አባባ አንገቱን ማቅናት ስለማይችል ቴሌቪዥኑን ካለበት አውርደው መሬት ላይ አደረጉለት። ጎባጣው መጣ። ናስር ቅሉን አስጠጣው። ሽማግሌው ቀጥ አለ።

አባባ አፍጥጦ አየው። "ምን ጠጥቶ ነው?" አለ።

"ውሃ ነው" አልኩ፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የገባሁት ያን ቀን ነው። "ልክ እንደ እርስዎ።"

"እንግዲያ የኔ ቢሻን ናት!" ብሎ ሳቀ። ቢሻን ውሃ ነው። አፉን ሳይሸፍን፣ እነዚያን የተቃጠሉ ጥርሶቹን ከፍቶ፣ ልክ እንደ ካርቱኖቹ ሳቀ። ጆይስቲኩን ሰጡት። ጣቶቹ አይታዘዙም፤ አንዲቷን ቁልፍ ብቻ በአውራ ጣቱ ይደበድባል። አቤል ጡንቻውን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ተመታለት። ጡንቻው ሲወድቅ ጌም ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። "ጎባጣው! ጎባጣው!" አባባ ለመቆም ቃጣው፤ ወንበሩን ይዞ ትንሽ ተነሳ፣ ቁልፏ ተወዛወዘች፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ አየሁ፤ ቅንጣት ያህል ቀረው አልኩ።

የቀረው ትዝታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቅሉ አለ፣ አጥንቱ በርቷል፤ ትዝታው ገና አላለቀለትም እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቀምጠው አልኩ።

"አባባ፣ ልጅ ሆነው ምን ያስታውሳሉ?"

ይነግረኛል። ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት ውሃ ፍለጋ በአህያ ሌሊቱን ይሄዱ እንደነበር። መጀመሪያ ውሃው ከመሬት ሲፈነዳ ሴቶቹ እልል ብለው ልብሳቸው እስኪርስ እንደቆሙበት። ቁልፉን ሲሰጡት ሴት አያቴ በግ ይታረድ ብላ እንደተከራከረች። ወረፋ የሚያጭበረብረውን በስም እየጠራ ያወራኛል፤ "ይቺ ጫልቱ የምትባል! ጄሪካኗን አስቀምጣ ትሄድና ከሰዓት መጥታ 'ጠዋት ነው የቆምኩት' ትላለች።" እናቴን በጀርባው አዝሎ ቦኖ ይጠብቅ እንደነበር፤ ስታለቅስ እፍኙን ሞልቶ እንደሚያጠጣት። አንዱ ትዝታ ሲያልቅ ዓይኑን አየዋለሁ። አይነሳም። እሺ፣ ሌላ አለ ማለት ነው።

ትልቁ ሐኪም ጋ ስንቀርብ እኔም አብሬ ነበርኩ፤ የአባባን ጫማ የማደርግለት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ራጁን አይታ አባባን አይታ እማዬን አየቻት።

"እስቲ ጥርስሽን አሳዪኝ" አለቻት። እማዬ አፍራ እጇን አነሳች፣ አወረደች፣ አሳየች።

"የት ነው ያደጋችሁት? የምትጠጡት ውሃ ከየት ነበር?"

አባባ መላ ሰውነቱን ወደ ሐኪሟ አዞረ። "ከኔ ነዋ! የቦኖው ጠባቂ እኔ ነኝ" አለ፤ ቁልፉንም አሳያት።

"አሁንስ?"

እማዬ ቀደም ብላ መለሰች። ኩራት ነበረባት፣ የአባቷን ነገር ያላጓደለች ልጅ ኩራት። "አሁንም አላስቀረሁባቸውም፣ ዶክተር። በየሳምንቱ ከዚያው አስመጣላቸዋለሁ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ፣ ልጅ እንደሚያስረዱ፣ ተናገረች። ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ፤ ከጥልቁ ድንጋይ ወደ ውሃው ይገባል፤ አይታይም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ጥርስ ላይ ይወጣል። ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ላይ አጥንት ይጨምራል፤ መጋጠሚያው ይደርቃል፣ ጅማቱ ይደነድናል፣ በመጨረሻ የእግር ነርቭ ይታነቃል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ መሬቱ ነው።

"መድኃኒቱ?" አለች እማዬ።

"እንዳይብስ ውሃውን ማቆም። የደረቀውን የሚመልስ የለም፣ እህቴ።"

አባባ ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀም። ወለሉን እያየ፣ ሌላ ማየት አይችልምና፣ "ሕፃናቱስ?" አለ። ሐኪሟ ወደ እማዬ አፍ ተመለከተች። መልሱም እሱው ነበር።

ቤት እንደገባን እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጄሪካኗን ይዛ ወደ ቦዩ ሄደች። ክዳኗን ፈታች። ያ ሽታ! ውሃው ሲደፋ አባባ ከበሩ ሆኖ ይሰማል።

"አትድፊው" አለ። "ልብስ እጠቢበት። ውሃ አይደፋም።"

ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። የተኛበት ክፍል ከጌም ቤቱ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለነበር ጩኸታችን ሁሉ ይሰማዋል፤ የእሱ ግን አይሰማንም። የጸሎት ቤት እህቶች መጡ፣ እጃቸውን ጫኑበት፣ "ተነሥ!" ብለው ጮኹ። "አሜን" አላቸው በትህትና፤ ሲወጡ አመሰገናቸው። እግሩ መታዘዝ ያቆመው ያኔ ነው። እኔ አሁንም አልጋው ጫፍ ላይ ነኝ።

"አባባ፣ አንድ ትዝታ ብቻ።"

"የማስታውሰው ሁሉ ውሃ ነው፣ ልጄ" አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ለማዞር ፈልጎ ነበር፤ አንገቱ አልዞር አለው። ስለዚህ ዓይኑን ጨፈነ። "ለሁሉም ያጠጣሁ እኔ ነኝ። በእፍኜ።"

በዚያው ሰሞን ናስር አዲሱን ሲዲ ከመርካቶ አመጣ። የዚያው ጌም ተከታይ ነው። ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሲከፈት ሳጥኖቹ ከድሮው እጥፍ ናቸው፤ ባለ ክንፍ፣ ባለ ሰንሰለት፣ ድብ ሳይቀር አለ። ልጆቹ በየተራ እየጠቆሙ ይጮኻሉ። እኔ ጥጉን አየሁ። መሃሉን አየሁ። ናስር ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አሳለፈልኝ።

"ጎባጣውን አውጥተውታል" አለ።

"ጥሩ አደረጉ" አለ አንድ ልጅ። "ማን ይመርጠው ነበር?"

"አንድ ሰው ቢመርጠውስ?" ፉአድ ተነሳ። "ለአንድ ሰው ሲሉ አያቆዩትም?"

"ቦታ የለማ። አዲስ ሲገባ አሮጌ ይወጣል።"

"ለድብ ቦታ ተገኝቶ ለጎባጣው ይጠፋል? ድብ ምን ትዝታ አለው?"

አቤል ለወትሮው "ጥሩ አደረጉ" የሚለው እሱ ነበር። ያን ቀን ዓይኑ ኮምፔንሳቶው ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የአባባ ድምፅ መጣ፤ ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገው ያኔ ነው።

"ልጆች፣ አትጣሉበት። ደክሞት ይሆናል።"

በነጋታው እማዬን "መልሱኝ" አላት።

"አባዬ፣ እዚያ ምን አለ? ያው ውሃ ነው ያለው!"

"ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው" አለ። እማዬ አለቀሰች፣ አጎቶቼ ተጠሩ፣ ተከራከሩ፣ እሱ አልተከራከረም። መታጠፍ ስለማይችል የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ሙሉውን ይዘው አጋደሙት። ሊዘጋው ነው የሄደው። ቦኖውን።

ከዚያ በኋላ ጄሪካኗ አቅጣጫዋን ቀየረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ የአዳማን የቧንቧ ውሃ ትሞላታለች፣ እኔና አቤል በእንጨታችን ተሸክመን መናኸሪያ እናደርሳለን፤ ረዳቱ ሙሉዋን ወስዶ ያለፈውን ሳምንት ባዶዋን ይመልስልናል። ባዶዋን ሳሸታት "የታጠበ ውሃ" ትሸታለች። ጠጥቶታል ማለት ነው ብዬ ደስ ይለኛል።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ አደይ ሻጮቹ መንገድ ላይ መታየት በጀመሩበት ቅዳሜ፣ ረዳቱ ሙሉዋን አልወስድም አለ።

"ዛሬ አይጫንም። መልሱት።"

"ለምን? ቦታ አለ እኮ" አለ አቤል።

ረዳቱ ዓይናችንን አላየም። "መልሱት አልኩ፣ ወንድሜ። ለእናታችሁ ሰላም በሉልኝ" ብሎ ባዶዋን እግራችን ሥር አስቀመጠና ሄደ። እኛ ጋ መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። ለልጅ ማን ይናገራል? እኔና አቤል ስለ ረዳቱ ክፋት እያማረርን፣ ሙሉዋን በእንጨቱ፣ ባዶዋን በእጅ ይዘን ተመለስን።

እማዬ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሙሉዋን ጄሪካን አየቻት። "ምነው መለሳችሁት?" አላለችም። የያዘችውን አንሶላ እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለቅሶ ሄዳ ስትመለስ ነው የሰማነው። አባባ ራሱን በቃሬዛ ቦኖው ጋ አስወስዶ፣ ወረፋ ለያዙት ሴቶች ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። በጨዋ ደንብ አዳመጡት። ሲጨርስ አንዷ፣ ያቺው ጫልቱ፣ "እውነትዎን ነው፣ ኦቦ ቱፋ። እንግዲህ ይክፈቱልን፣ ፀሐይ መጣብን" አለችው። ሌላ ውሃ አልነበራቸውም። ሐይቁ ሩቅ ነው፤ ጉድጓዱ አንድ ነው። በልጆቻቸው ፊት ቁልፉን ከአንገቱ ማውጣት አቃተው፣ ሰው አወጣለት። ከፈተላቸው። በየቀኑም ከፈተላቸው፣ እስኪሞት ድረስ።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተክሎ ሳለ ናስር ጌም ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ እኔን፣ አቤልንና ፉአድን አስቀመጠን። የድሮውን ሲዲ ከተተው። ጎባጣው ጥጉ ላይ አለ፤ ማንም ሳይነካው፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል።

"ማን ይመርጠዋል?" አለ ናስር በቀስታ።

አቤል ጆይስቲኩን አነሳ። እድሜውን ሙሉ ጡንቻውን የመረጠው ወንድሜ ጎባጣውን መረጠ። ድብድቡ ተጀመረ። አንዲት ቁልፍ አልነካም። እንባው ጆይስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ባላጋራው ይሰነዝራል፣ ሽማግሌው ይቀበላል። ወደቀ።

"ትዝታው ይምጣለት" አለ ፉአድ። "ጠብቁ። ትዝታው ይምጣለት።"

ጠበቅን። ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጥሩ ወደ ታች ይቆጥራል። እኔ በልቤ የነገረኝን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራሁለት፤ አህያዋን፣ እልልታውን፣ በጓን፣ በጀርባው ያዘላትን እናቴን፣ እፍኙን። ቁጥሩ አለቀ። ጨለመ።

አሁንም ያው ነው። ይኸው ለእናንተም ተረኩላችሁ፣ ያስቀረሁት የለም። ካርቱን ቢሆን ኖሮ እዚህች ላይ ዓይኑን ይከፍት ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ያቺ ሴት ልጇን አጠጥታ በክዳኑ የተረፈውን እሷም ጠጣች። ልጅቷ ፈገግ አለችልኝ፤ የፊት ጥርሶቿ ላይ ቡናማው መጀመሩን አየሁ።

"ከየት የተቀዳ ነው?" አልኳት።

"ከኛ ቦኖ። ሞቅ ቢልም ትጣፍጣለች።" ጥርሷን ሳይ አየችኝ መሰለኝ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ምን ታደርጊዋለሽ! የኛ አገር ሰዎች ሲሉ አልሰማሽም? 'ጥርስ ብትወስድ አጥንት ትሰጣለች።'"

ክዳኑን ሞልታ ዘረጋችልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ታየኛለች፤ ፀሐዩ ይነድዳል፤ ሌላ ውሃ የላቸውም።

ተቀበልኳት። ጠጣሁት። እውነትም ትጣፍጣለች።